ሩሯ ወደ ደጋ የወጣችበት ገና

ቆላ ወርዳችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትወርዱ ወዳጆቼ ነው ይህን የምጽፈው። ጉዞውን ያደረግሁት ጣሊያን በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ለገና ነው። ያኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ መዘዙ ለብዙ ሰው ይተርፍ ነበርና ዝም ብዬ ቆየሁ። አሁን ጣሊያንም ሄዷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ስጽፍ ትንሽ መጎረሬ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅር በሉኝ፤ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርሁት ጉራ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ልንገራችሁ። የተወለድሁት ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ፣ ቀወት ውስጥ ነው። በአገራችን ገና በደረሰ ቁጥር ቆለኛና ደገኛ ይገጥማል። ደገኛ የምንላቸው የደብረ ሲናን ሰዎች ነው። ጨዋታው እናንተም የምታውቁት ነው፤ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ክቧን የቆዳ ሩር እየመቱ ከባላጋራ መስመር ማሳለፍ ነው፤ ቀድሞ ያሳለፈ አሸነፈ። የእኛ የሚለየው በፍጻሜው ነው። የተሸነፈው ወገን መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ አሸናፊው እየዞረ በግጥም ይሰድበዋል፤ ከዚያ በኋላ ተሸናፊው ሩሯን ታቅፎ አገሩ ይገባና ጣራ ሥር ይሰቅላታል። እስከ ከርሞ ቁልቁል ስታየው ትኖራለች።

ሩሯን በየዓመቱ የምሰፋት እኔ ነኝ። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር፣ እኔም ከእሱ ወረስሁ። ከእጄ የወጡት ሩሮች አንዲት ሳትቀር የተሰቀሉት ቆላ ነው። በአጭሩ፣ አሸንፈን አናውቅም።

ሰበብ አላጣንም። ጨዋታው ሁልጊዜ ደብረ ሲና፣ በእነሱ ሜዳና በእነሱ ብርድ ነው። ወቅቱም የእኛ ሰው ማሽላ ሲሰበስብ ከርሞ የደከመበት፣ ግማሹን ደግሞ ወባ ገና ያልለቀቀበት ነው። ደገኞቹ ይህን ሰበብ በቃላቸው ስለሚያውቁት እኛ አፋችንን ሳንከፍት እነሱ ይጨርሱልናል።

ልጅ ሳለሁ ስንሸነፍ አለቅስ ነበር። ጎረምሳ ሆኜ ዱላ ስይዝ ደግሞ እደባደብ ጀመር፤ የግራ ጉልበቴ የተሰበረውም ያኔ ነው። ሚስቴንም ያገኘኋት በሽንፈት ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስሰደብ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ድምፅዋ የሚጎላውን ልጅ ቀና ብዬ አየኋት። አስካለ ትባላለች፣ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ትለው የነበረውም ይህ ነው፦

ሩርህን ታቅፈህ ግባ የቆላ ሙሽራ፣
ድልማ ተድራለች ከደጋ ጎበዝ ጋራ።

ተጋብተን አዲስ አበባ ከገባን በኋላም በየዓመቱ ለገና አብረን እንመለሳለን፤ ከደብረ ሲና ሜዳ ስንደርስ እሷ ወደ ወገኖቿ፣ እኔ ወደ ወገኖቼ እንለያያለን። ማታ ስንገናኝ እሷ እየሳቀች፣ እኔ አኩርፌ ነው። በኋላ ማኩረፉም ቀረ። ሰው ሲበስል ሽንፈትን እንደ ዘመድ ይለምደዋል። ድል ባይኖርም ዓመቱ የሚቆመው በዚያች ቀን ነበር፤ ወላጆቼን ከቀበርሁ በኋላ ወደ አገሬ የሚያስኬደኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የጥጥ ነጋዴ ከጋሼ ሰይድ ዘንድ መልእክት ይዞልኝ መጣ። ጋሼ ሰይድ የቆለኞቹ አለቃ ናቸው፤ እስላም ናቸው፣ ግን በእኛ ዘንድ የገና ጨዋታ የሰፈር ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ሩሮቹ የሚሰቀሉትም በእሳቸው ቤት ነው። መልእክቱ አጭር ነበር። ልጆቹ መዘበቻ መሆን ሰልችቷቸዋል፤ ዘንድሮም ከተሸነፍን ዱላቸውን ሊሰብሩና ጨዋታውን ለዘለዓለም ሊተዉ ተማምለዋል፤ ስለዚህ ሩሯን ሰፍተህ ሳትቀር ና።

ያን ኅዳር ቆዳውን ያለፋሁት እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብዬ ነው። አስካለ በየዓመቱ ቤቱ ቆዳ ቆዳ ሸተተ እያለች የምታጉረመርመውን እንኳ ያን ጊዜ ተወችው።

በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ የወጣነው ሲሚንቶ በጫነ መኪና ነው። መኪና ከበዛ ወዲህ ኮርቻ የሚያሰፋ ስለጠፋ የመኪና ሸራ ሰፊ ሆኜ ነበር፤ ስለዚህ ሾፌሮችን አውቃለሁ። የእኛው ሾፌር የሐማሴን ሰው ነው፣ ትሑት። አስካለን ከጎኑ አስቀመጣትና እኔን ከላይ ሲሚንቶው ላይ አወጣኝ። መኪናዎቹ ብቻቸውን አይሄዱም፤ አርበኞች መንገድ ላይ ስለሚጠብቋቸው ተሰብስበው፣ ከፊትና ከኋላ ወታደር አድርገው ነው። እናንተ ከቤታችሁ እስከ ገበያ ስትሄዱ የሚያሰጋችሁ ጭቃ ብቻ ከሆነ አምላካችሁን አመስግኑ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሲሚንቶው ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አልብሶኝ ነበር። ያሳደሩን ሴትዮ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አማተቡ። ሰው መሆኔን አስካለ ከመሰከረች በኋላ ውሃ አሙቀው፣ በጓሮ አስቀምጠው፣ እንደ ልጃቸው ራሴን አጠቡኝ። ጾም ስለሆነ ያበሉን የባቄላ ክክ ወጥ ነው፤ ገብስ የበዛበት እንጀራቸው ከእኛ ሰፈር እንጀራ ይወፍራል፣ ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ ያሞቃል። ብርዱን አታንሡብኝ። የአዲስ አበባን ብርድ ስናማርር የኖርን ሰዎች ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት ብናድር አዲስ አበባን ይቅርታ እንጠይቃታለን።

በሁለተኛው ቀን ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ተራራውን በስቶ ባወጣው ዋሻ አለፍን። አባቶቻችን በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚዞሩትን ገደል መኪናው ሲያጓራ ቆይቶ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። ደግ ነገር ነው አልልም፤ ማን ቆፍሮት ማን እንደሞተበት እናውቃለን። ጨለማው ውስጥ ሳለን አስካለ ከታች እየጮኸች ራሴን ዝቅ እንዳደርግ ታስጠነቅቀኝ ነበር።

አደጋ የደረሰብን ከዋሻው ወዲያ ኬላው ላይ ነው። አንድ አስካሪ፣ ከሐማሴን የመጣ የጣሊያን ወታደር፣ ጓዜን ሲበረብር ሩሯን አገኛት። ክብ ናት፣ ከባድ ናት፣ በቆዳ ተጠፍራለች። ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጣት፤ ከዚያ መሬት ላይ ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ቦምብ ነው አለ። ሾፌሩ በቋንቋቸው ጨዋታ ነው ቢለው፣ እኔም ዱላ የያዝሁ መስዬ እየዘለልሁ ባሳየው አላመነም። በመጨረሻ አለቃው መጣና ራሴ እንድከፍታት አዘዘኝ። የወር ሥራዬን ሳንጃ ተቀብዬ በገዛ እጄ ዘነጠልሁት። ጨርቅና የፈረስ ጭራ ብቻ ሲወጣ አስካሪው ራሱ አፈረና ጨርቁን አንድ በአንድ ለቅሞ ሰጠኝ።

ወስፌ ይዣለሁ፣ የምሰፋበት ጅማት ግን ቤት ቀርቷል። ሩር ከሌለ ጨዋታ የለም። መኪናው ላይ ተቀምጬ የተቀደደውን ቆዳ ሳይ አስካለ እኔ ዘንድ ወጥታ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መምዘዝ ጀመረች። ድርብ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ እየፈተለች ገመደችልኝ። የወገኖቿን ባላጋራ እየረዳች መሆኗን ብነግራት ለወገኖቿ ድል የሚሆን ሩር እንዳይጠፋ ብላ እንደሆነ መለሰችልኝ። ደብረ ሲና እስክንደርስ ሰፍቼ ጨረስሁ፤ በጥቁሩ ቆዳ ላይ ነጩ ክር እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር።

ደብረ ሲና ያደርነው የአስካለ ታናሽ ወንድም ደምሴ ቤት ነው። ደምሴ የደገኞቹ አለቃ ነው፤ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ፣ ሲስቅ ቤቱን የሚያናውጥ፣ ለእንግዳ ያለውን የማይሰስት ሰው ነው። የራሱን አልጋ ለቀቀልን። ወሬውንም ያገኘሁት ከእሱ ነው፦ የጦር ሰፈሩ ሹም ዱላ ይዞ መሰብሰብን ከልክሏል፤ ስለዚህ በደብረ ሲና ሜዳ ጨዋታ የለም። ጋሼ ሰይድ ግን ቆላ ኑ፣ ከመንገድ ራቅ ያለ ማሳ አለኝ ብለው ልከዋል። ደምሴም እሺ ብሏል።

“ጋሼ፣ እኛ ለማሸነፍ ሜዳ አንመርጥም” አለኝ። “በብርዱ ነው የምታሸንፉን ስትሉ አልኖራችሁም? እንግዲህ በእናንተው ፀሐይ፣ ያውም እኩለ ቀን ላይ እንጋጠማለን ብዬ ልኬባቸዋለሁ። ከርሞ ሰበብ እንዳይኖራችሁ።”

ከርሞ የሚባል ላይኖር እንደሚችል አልነገርሁትም። ቢሰማ አዝኖ ሊተውልን ይችል ነበር፤ ያንን ደግሞ አልፈልግም።

ሦስተኛው ቀን በእግር ነው። መኪናው ወደ ደሴ ስለቀጠለ ደምሴ አህያ ሰጠን፤ እሱና ሰዎቹ በማግሥቱ ሊከተሉን ነው። ቁልቁለቱን ለማታውቁ፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ልብስ እያወለቁ መሄድ ማለት ነው። ስንነሣ በርኖስ ደርቤ ነበር፤ በመንገዱ አጋማሽ በርኖሱ አህያዋ ላይ፣ ሸማውም ትከሻዬ ላይ ሆነ፤ ሮቢ ወንዝ ስንደርስ በእጀ ጠባብ ቀረሁ። አየሩ ራሱ ይሸታል፤ የደረቀ አገዳ፣ የግራር አበባ፣ የከብት ጭስ። አስካለ ሙቀቱን ስታማርር እኔ ልጅነቴ ደረቴ ውስጥ እየገባ ነበር። ሮቢት ከተማ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ተሰቅሎ አየሁና ዓይኔን መለስሁ።

ጋሼ ሰይድ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ከመንገድ ጠበቁን። ወባ አድቅቋቸዋል። ቢሆንም የአህያዋን ጭነት እኔ ላውርድ ብለው ተሟገቱ። ቤታቸው ስገባ እንደ ሁልጊዜው ቀና አልሁ፤ ሩሮቹ ከጣራው ሥር ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ የቆዩት በጭስ ጠቁረዋል፤ የአባቴ ስፌት ያለባቸውም አሉ። አዲሲቷን ከጓዜ ሳወጣ ጋሼ ሰይድ ነጩን ክር በጣታቸው ዳሰሱና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ያደረጉልንን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጾመኛ መሆናችንን አስበው፣ የእሳቸው ድስት ሥጋ የነካው ስለሆነ፣ ሳንጠይቃቸው ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ድስትና ማማሰያ ተውሰው ቆይተውናል። በዚያ ድስት የሠሩትን ሽሮ በማሽላ እንጀራ በላን። የማሽላ እንጀራ በጤፍ ላደገ ሰው መጀመሪያ ጉሮሮ ይይዛል፤ እኔ ግን ያደግሁት በእሱ ስለሆነ የአስካለንም ድርሻ በላሁት።

የጋሼ ሰይድ ልጅ ኑሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር። የመሐላው አለቃ እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ክንዱ እንደ ግንድ፣ ፊቱ የማይፈታ። ለምን ሊተዉት እንደፈለጉ ጠየቅሁት።

“ጋሼ፣ በጨዋታው ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር” አለኝ። “ገበያ ስንወጣ ሙሽሮቹ መጡ ይሉናል። ሚስት ስንጠይቅ ሙሽራ አይደለህ እንዴ ይሉናል። አባቴ ወላሂ ይህን ጣራ እያየ ነው የሚታመመው። ዘንድሮ እንጫወታለን፣ ለእሱ ስንል። ከዚያ በኋላ ግን እነዚህን አውርጄ አቃጥላቸዋለሁ።”

ጋሼ ሰይድ አልተቆጡም። ጣራውን እያዩ፣ ኢንሻአላህ ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአባቴ ስፌት እሳት ውስጥ ሲገባ ይታየኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጋሼ ሰይድ ሜዳውን አሳዩኝ። ታጭዶ ያለቀ የማሽላ ማሳ ነው፤ ከጎኑ አውድማ አለ፣ አውድማው ላይ ያልተወቃ የማሽላ ራስ ተከምሯል። ክምሩ ለምን እንዳልተወቃ ስጠይቃቸው ዘዴያቸውን ነገሩኝ። እዚያ አገር ማሽላ የሚወቃው በዱላ ነው። ወታደር ከመጣ ሁላችንም ሮጠን ክምሩን ከብበን እንወቃለን፤ ዱላ የያዘ ሰው አውድማ ላይ ቢገኝ ማን ምን ይላል? እትዬ ዘይነባ ከመንገዱ ዳር ሆነው ይጠብቃሉ፤ ወታደር ሲያዩ ላማቸውን በስሟ ይጣራሉ።

ወደ ማታ ደገኞቹ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። አብዛኞቹ በርኖስ ለብሰው ነው የመጡት፤ ቆላ እንደሚወርዱ እያወቁ ያን ለምን እንዳደረጉ ስጠይቅ ደምሴ የበዓል ልብስ ነው አለኝ። እያንዳንዱ ቆለኛ አንድ ደገኛ ቤቱ ወሰደ፤ ይህም ልማዳችን ነው። ነገ የሚደበድብህን ሰው ዛሬ ታበላዋለህ፣ ውሃ ታቀርብለታለህ። ኑሩ ሳይቀር አንዱን ወስዶ መደቡን ለቀቀለት።

አምስተኛው ቀን ገና ነው። ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ ስንመለስ ጋሼ ሰይድ ፍየል አስይዘው ጠበቁን፤ ፍየሉ ከእኔ፣ ቢላው ከእናንተ አሉን። እንዲያ ጾማችንን በእሳቸው ፍየል ገደፍን። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ማሳው ላይ ቆምን። ከእኛ ሁለቱን በዚያው ጠዋት ወባ ስለጣላቸው ሰው ጎደለ፤ እኔ በተሰበረ ጉልበቴ ከኋላ መስመር ላይ እንድቆም ተደረገ። አስካለ ከሴቶቹ መካከል ሆና ስታየኝ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እየፈራች አልለየሁም።

ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ሆነ። ደገኞቹ መጀመሪያውኑ ገፉን። ደምሴ ሩሯን ሲመታት ነጩ ክር አየር ላይ ሲሽከረከር ይታየኝ ነበር። ኑሩ ቢታገልም ብቻውን ነው፤ ሌሎቹ ልባቸው ቀድሞ ተሸንፏል። እየገፉን፣ እየገፉን፣ ሩሯ እኔ ከቆምሁበት መስመር አጠገብ ደረሰች። ደምሴ የመጨረሻውን ሊመታ ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ዓይኔን ጨፈንሁ። አለቀ አልሁ በልቤ፤ ይህ የመጨረሻው ገናችን ነው።

ያኔ ከመንገዱ ዳር የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ተሰማ። “ቦሬ! ነይ ቦሬ!”

ሁሉም ወደ አውድማው ሮጠ። ጋሼ ሰይድ ሩሯን ከእግሬ ሥር አንሥተው ገለባ ላይ ወረወሯትና በላይዋ ተቀመጡባት። ሳንተነፍስ መውቃት ጀመርን፤ ደገኛና ቆለኛ ትከሻ ለትከሻ ሆነን። ወዲያው አንድ ነጭ መኰንን በበቅሎ፣ ከኋላው አስካሪዎች ይዞ መጣ። ያልፋል ስንል ሥራችን ደስ አለው መሰል ወረደና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ቆቡን አውልቆ ተራገበ። በአስተርጓሚው በኩል በበዓል ቀን እንኳ የማያርፍ ጎበዝ ሕዝብ ናችሁ ብሎ አመሰገነን። እሱ እስኪሄድ ዱላ ማስቀመጥ አይቻልም።

እዚህ ላይ የማሽላ አወቃቅን ልንገራችሁ። ቆለኛ ሲወቃ በዘፈን ነው፤ ግማሹ ዱላ ሲያነሣ ግማሹ ያሳርፋል፤ ዱላው የሚወድቀው በራሱ ክብደት ነው፣ ክንድ አይደክምም። ጋሼ ሰይድ ሩሯ ላይ ተቀምጠው ዘፈኑን ያወርዳሉ፣ የእኛ ልጆች ይቀበላሉ። ደገኞቹ ግን ገብሳቸውን በበሬ የሚያስረግጡ ሰዎች ናቸው። ዘፈኑን አያውቁትም፣ ፋታውን አያውቁትም፤ እባብ እንደሚገድል ሰው ባላቸው ጉልበት ሁሉ ይቀጠቅጡታል። ያውም በርኖስ ለብሰው። መኰንኑ ደምሴን በጣቱ አሳየና በዚህ ሙቀት ይህ ሰው ለምን ተጀቦነ ብሎ አስጠየቀ።

“ወባ ይዞት ነው ጌታዬ፣ ይበርደዋል” አሉ ጋሼ ሰይድ።

ስለዚህ ደምሴ በርኖሱን ማውለቅም አልቻለም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የጋሼ ሰይድን ማሽላ ወቃ። መኰንኑ ደኅና አድርጎ አርፎ፣ በቅሎው ላይ ወጥቶ ከዓይናችን ሲሰወር ክምሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ደገኞቹ የነበሩበት ተዘረሩ። ጋሼ ሰይድ በእንስራ ውሃ አዞሩላቸውና፣ ፀሐዩ እስኪበርድ አርፈን ብንቀጥልስ ብለው ጠየቋቸው። እኔ በሆዴ ምነው ዝም ባሉ አልሁ። ደምሴ ግን ተነሥቶ አሁኑኑ ይሁን አለ፤ የቆላን ሰው ቸርነት ተቀብሎ ማሸነፍ አልፈለገም። ጨዋታው ስለተቋረጠ በደንባችን መሠረት ሩሯ ወደ መሀል ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራ ነው። የእኛ ልጆች የአውድማው ዘፈን ከአፋቸው አልወጣም፤ እሱኑ እየዘፈኑ ይመታሉ፤ አንዱ ሲመታ አንዱ ያርፋል፤ ልክ እንደ ማሽላው። ኑሩ ከፊት ነው። እኔ ከኋላው መስመር ላይ ሆኜ ሩሯን ማየት ተሳነኝ፤ ጩኸት ብቻ ይሰማኛል። ድንገት ጩኸቱ ቆመ። አቧራው ረገብ ሲል የእኛ ልጆች በሙሉ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አየሁ።

ተሸነፍን አልሁ። እንባዬ መጣ፤ እኔም በቆምሁበት ቁጭ አልሁ። ደገኞቹ መጥተው እንደ ልማዳቸው ከበቡን። ለግጥሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ማንም አልጀመረም። እርስ በርስ ተያዩ። እኛም ቀና ብለን ጠበቅናቸው። ጋሼ ሰይድ በበኩላቸው ወደ ደገኞቹ መስመር ሄዱ፤ ከመስመሩ ወዲያ የወደቀችውን ሩር አጎንብሰው አነሡ፤ አቧራዋን በሽርጣቸው ጠረጉና ታቅፈዋት የቤታቸውን አቅጣጫ ይዘው ማዝገም ጀመሩ።

ደምሴ ነው የተናገረው፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ። “ጋሼ ሰይድ፣ ወዴት ይዘዋት ነው የሚሄዱት? ዘንድሮ የእኛ ናት።”

ጋሼ ሰይድ ቆሙ። ሩሯን አዩ፣ መስመሩን አዩ፣ መሬት ላይ የተቀመጥነውን እኛን አዩ። የእኛ ልጆች ከልማድ በቀር መሬት ላይ የሚያስቀምጣቸው ምክንያት እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ለዘመናት ጨዋታው ሲያልቅ ተቀምጠናል፤ ሲያልቅ ተቀመጥን። ኑሩ ራሱ፣ ሩሯን ያሳለፋት ሰውዬ፣ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል።

“አልሃምዱሊላህ” አሉ ጋሼ ሰይድ፤ ከዚያ እሳቸውም ቁጭ አሉ።

ተነሣን። ደገኞቹ ተራቸውን ቁጭ አሉ። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ የምንለው ግጥም የለንም። አሸንፈን ስለማናውቅ ማንም የአሸናፊ ግጥም ገጥሞ አያውቅም። አፋችንን ይዘን ዙሪያቸውን ስንዞር፣ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት ወጣች። አስካለ ናት። ከጋሼ ሰይድ እጅ ሩሯን ተቀበለች፤ በራሷ ክር የተሰፋችውን ሩር እንደ ሕፃን ታቀፈቻትና፣ በዚያ መጀመሪያ ባየኋት ቀን በሰማሁት ድምፅ እንዲህ አለች፦

“ሩርሽን ታቅፈሽ ግቢ የደጋ ሙሽራ፣
ድልማ ወርዳለች ከቆላ ጎበዝ ጋራ።”

እልልታው ያን ማሳ እንዴት እንዳላነደደው አላውቅም። ኑሩ ፊቱ ሲፈታ ያን ጊዜ አየሁት፤ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አባቱን ተሸክሞ አውድማውን ዞረ። እኔ በተሰበረ ጉልበቴ ዘለልሁ። ወታደር ይስማን አይስማን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እግዜር ይስጣቸው እትዬ ዘይነባ ብቻ ከመንገዳቸው ዳር አልተነሡም።

በስድስተኛው ቀን ስንወጣ ጋሼ ሰይድ እስከ ሮቢ ወንዝ ሸኙን። አንድ ጆንያ ማሽላ ጭነው ለደምሴ ሰጡት፤ የወቃህበት ድርሻህ ነው አሉት። ኑሩ ሩሮቹን አላቃጠላቸውም። ጠዋት ላይ ጣራው ሥር ቆሞ ከሚስቱ ቤተሰቦች ለመጣ ሰው አንድ በአንድ ሲያሳየው ሰማሁት፤ ይህን ሁሉ ታግሠን ነው ያሸነፍናቸው ይለዋል። ለከርሞ ደግሞ ማሽላው ሳይወቃ ቢቆይ ምን ይመስልሃል ብሎ አባቱን ሲጠይቃቸውም ሰምቻለሁ።

ደብረ ሲና ላይ ደምሴ ሩሯን ሊሰቅል ቢፈልግ ቤቱ ውስጥ ሚስማር አልነበረም። ለሩር የሚሆን ሚስማር ኖሮት አያውቅም። እኔው ከወስፌዬ ጋር የያዝሁትን አንድ የሸራ ሚስማር ሰጠሁት፤ ከአልጋው ትይዩ መታው። ሲተኛም ሲነሣም የምታየው እዚያ ላይ ሆና ነው። የአስካሪዎቹን ኬላ በመልሱ መንገድ ስናልፍ ያ ወታደር አወቀኝና ያቺ ነገርህስ ብሎ በእጁ ክብ ሠርቶ ጠየቀኝ። በጣቴ ወደ ደብረ ሲና አሳየሁት። ምን እንደገባው አላውቅም፣ ብቻ አብሮኝ ሳቀ።

አዲስ አበባ ከገባን ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሸራ ስሰፋ ውዬ ቤት ስገባ አንድ ነገር ሸተተኝ። አስካለ ከበረንዳው ጥግ ጥሬ ቆዳ ዘርግታ፣ እጀታዋን ሰብስባ፣ ጨው ትነሰንስበታለች። ያቺ በየኅዳሩ ሽታውን ስታማርር የኖረች ሴት። ምን እየሠራሽ ነው አልኋት።

ቀና ብላም አላየችኝ። “እስከ ኅዳር መቆየት ቀርቷል” አለች። “ከርሞ ወንድሜ ማሽላ መውቃት ተምሮ ነው የሚመጣው። አንተም ከዛሬው ጀምርና ሩሯን ደኅና አድርገህ ስፋት፤ ወደ ቆላ የምትመለስ ናት።”